የፓይን ዛፍና የቅቤ እንጉዳይ

(በንባብ ቤት ለተሰበሰቡ አንባቢዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ እንጉዳይ ነው። ስለ እንጉዳይ ሲባል አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ትሉ ይሆናል። በብዙው የደጋ አገራችን እንጉዳይን «የጅብ ጥላ» ብለን በእግራችን መትተን እናልፈዋለን። ልጆችም እንዳይነኩት እንቆጣለን። በደቡብ ምዕራብ አገራችን ግን ዝናብ ሲጥል ከምስጥ ኩይሳ የሚወጣውን እንጉዳይ ለቅመው የሚመገቡ ሕዝቦች አሉ። ሁለቱም ወገን ምክንያት አለው። የሚከለክለው መርዙን ፈርቶ ነው። የሚበላው ደግሞ ከአያት ከቅድመ አያቱ የተማረውን ይዞ ነው። ያው አንዱ ፈርቶ የተወውን ሌላው አውቆ በላው ማለት ነው።

እኛም ስለ እንጉዳይ ሁሉ ለመናገር አልተነሣንም። ዓይነቱ እጅግ ብዙ ነው። አንዱን ብቻ መርጠናል። እሱም ከፓይን ዛፍ ሥር የሚበቅለው የሚበላ እንጉዳይ ነው። ምን እንደሚመስል፣ ከዛፉ ጋር ምን እንዳገናኘው፣ ሩቅ አገር ያሉ ገበሬዎች እንዴት እንደ ተጠቀሙበት፣ ደግሞም ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል በየተራው እንናገራለን። በንግግራችን የምንጠራው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ዛፉ

ፓይን ቅጠሉ ሰፊ አይደለም። እንደ መርፌ የቀጠነና የሾለ ነው። ፍሬውም እንደ እንጨት የደረቀ፣ ቅርፊት በቅርፊት ላይ የተደራረበ ነው። ቅጠሉን በአንድ ጊዜ ስለማያራግፍ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው።

የአገራችን ጥድና ዝግባ የፓይን የሩቅ ዘመዶች ናቸው። ፓይን ራሱ ግን የአገራችን ተወላጅ አይደለም። ለጣውላና ለግንድ ተብሎ ከውጭ መጥቶ የተተከለ ነው። «ፓቱላ» የሚባለው ፓይን የትውልድ አገሩ ሜክሲኮ ነው። «ራዲያታ» የሚባለው ደግሞ በሰሜን አሜሪካ ከካሊፎርኒያ የመጣ ነው። ስለዚህ ስለ ፓይን ስንናገር ስለ አንድ እንግዳ ዛፍ እየተናገርን ነው። እንግዳ ደግሞ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይመጣም። ይህን ወደ ኋላ እናየዋለን።

እንጉዳዩ

የእንጉዳያችን የትውልድ አገር አውሮፓና እስያ ነው። እዚያ በዝናብና በበልግ ወራት ከፓይን ዛፍ ሥር ይወጣል። ጀርመኖች በቋንቋቸው «የቅቤ እንጉዳይ» ይሉታል። ሩሲያውያንም ስሙን ያወጡለት ከቅቤና ከዘይት ነው። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ካርል ሊኔየስ በ1753 የሳይንስ ስም ሲሰጠው «ሉቴዩስ» አለው፤ በላቲን ቢጫ ማለት ነው። ዛሬ ሊቃውንት ሙሉ ስሙን «ሱዊሉስ ሉቴዩስ» ብለው ይጠሩታል። እኛ ለመያዝ እንዲቀልለን «የቅቤ እንጉዳይ» እንበለው።

ቅቤ የተባለው ያለ ነገር አይደለም። ዝናብ ሲነካው ቆቡ ላዩን በዝልግልግ ነገር ይሸፈናል። ተልባ ውሃ ውስጥ ሲነከር እንዴት እንደሚያዝለገልግ ታውቁ የለ? ልክ እንደዚያ ነው። በእጅ ሲይዙት ይሟልጫል።

እስቲ መልኩን አንድ በአንድ እንቁጠረው።

አንደኛ፣ ቆቡ ቡናማ ነው። ስፋቱ ከ5 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ላዩን የሸፈነው ቆዳ በቀላሉ ተልጦ ይነሣል።

ሁለተኛ፣ ቆቡን ገልብጠን ከሥሩ ብናይ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደረ ስስ ነገር የለውም። እንደ እንጀራ ዓይን የተበሳሳ ነው። ቀለሙም ቢጫ ነው።

ሦስተኛ፣ ገና ለጋ ሳለ ያ የተበሳሳው ክፍል በነጭ ስስ ሽፋን ተሸፍኖ ይቆያል። ቆቡ ሲሰፋ ሽፋኑ ይቀደድና እግሩ ላይ ቀለበት ሆኖ ይቀራል። ቀለበቱ ሲቆይ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ይለወጣል።

አራተኛ፣ ሥጋው ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው። በቢላ ሲቆረጥ ቀለሙ አይለወጥም።

አምስተኛ፣ የሚበቅለው ከፓይን ዛፍ አጠገብ ነው። ከፓይን ርቆ አይገኝም።

እነዚህ አምስት ምልክቶች አንድ ላይ ካልተገኙ የቅቤ እንጉዳይ ነው አይባልም። አራቱ ተገኝተው አንዱ ቢጎድልም አይባልም። ለምን እንዲህ እንደምናጠብቀው እናንተ ፊደል የቆጠራችሁ ሰዎች በቀላሉ ይገባችኋል። «ደ» እና «ጀ» ምን ያህል ይለያያሉ? ከላይ ባለች ትንሽ ምልክት ብቻ ነው። ነገር ግን «ደመረ» እና «ጀመረ» አንድ አይደሉም። በንባብ ላይ ብንሳሳት መምህሩ ያርመናል። በእንጉዳይ ላይ ግን ከተበላ በኋላ እርማት የለም።

ከመሬት በታች ያለው ወንፈል

ለመሆኑ ይህ እንጉዳይ ከፓይን ተለይቶ የማይበቅለው ለምንድነው?

ከመሬት በላይ የምናየው ቆብና እግር የእንጉዳዩ ፍሬ ነው። ዋናው አካሉ ከመሬት በታች ነው። እሱም ከፀጉር የቀጠነ ክር ነው። ክሩ በአፈሩ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይዘረጋል። የፓይኑን ሥር ሲያገኝ ጫፉን እንደ ጓንት ሸፍኖ ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ በዛፉና በእንጉዳዩ መካከል ልውውጥ ይጀመራል። የእንጉዳዩ ክር እጅግ ቀጭን ስለሆነ የዛፉ ሥር ሊገባበት ከማይችል ቦታ ይገባል። ከዚያም ውሃና ማዳበሪያ የሚሆኑ ማዕድናትን ለቅሞ ለዛፉ ያቀብላል። ዛፉ ደግሞ በቅጠሉ ከፀሐይ ብርሃን የሠራውን ስኳር ለእንጉዳዩ ያካፍላል። እንጉዳይ አረንጓዴ ቅጠል ስለሌለው የራሱን ምግብ ከፀሐይ መሥራት አይችልም።

እንግዲህ ይህ ምንድነው? እኛ ወንፈል የምንለው ነው። ዛሬ አንተ ለእኔ፣ ነገ እኔ ለአንተ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። እዚህ ደግሞ ድሩ ትልቁን ዛፍ ያቆመዋል።

ይህን ነገር ሊቃውንት ያወቁት ቀስ በቀስ ነው። ከመሬት በታች የሚበቅል፣ ዋጋው እጅግ ውድ የሆነ አንድ የእንጉዳይ ዓይነት አለ። የፕሩሲያ መንግሥት ይህን እንጉዳይ እንደ ሰብል ማልማት ይቻል እንደሆነ እንዲመረምር አልበርት ፍራንክ የተባለውን ጀርመናዊ ሊቅ አዘዘው። ፍራንክ መሬቱን ሲቆፍር የዛፎቹ ሥር ጫፍ በእንጉዳይ ክር ተጠቅልሎ አገኘው። በ1885 ለዚህ ጥምረት ስም አወጣለት፤ ትርጉሙም «የእንጉዳይ ሥር» ማለት ነው። ብዙዎች ግን እንጉዳዩ ዛፉን የሚጎዳ ጥገኛ ነው ብለው ተከራከሩ። በ1920ዎቹ ኤልያስ ሜሊን የተባለ ስዊድናዊ የዛፍ ችግኝና የእንጉዳይ ክር በንጹሕ ዕቃ ውስጥ አንድ ላይ አሳድጎ ጥምረቱን በሙከራ አሳየ።

ከሙከራ ቤት ውጭም ማስረጃ አልጠፋም። ፖርቶ ሪኮ የምትባል ደሴት አለች። ፓይን በተፈጥሮ አይበቅልባትም። ከ1930ዎቹ ጀምሮ የፓይን ችግኝ ለማልማት ተደጋግሞ ተሞከረ። ችግኙ ይበቅላል፤ ጥቂት ይቆይና ይቀጭጫል፤ ይሞታል። በ1955 ከአሜሪካ የፓይን ደን አፈር አምጥተው ከአንዳንዶቹ ችግኞች ሥር ጨመሩ። አፈሩ የተጨመረላቸው አደጉ። ያልተጨመረላቸው ቀጭጨው ቀሩ። ችግኙ ያጣው ውሃ አልነበረም፤ ፀሐይም አልነበረም። ያጣው ከመሬት በታች ያለውን ባልንጀራውን ነው።

«እንግዳ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይመጣም» ያልነው ይህን ነው። ፓይን ወደ ደቡብ አሜሪካ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ወደ አውስትራሊያና ወደ ኒውዚላንድ ሲወሰድ የቅቤ እንጉዳይም ከችግኙ ሥርና ከአፈሩ ጋር ባሕር ተሻገረ።

የሳሊናስ ገበሬዎች

አሁን ወደ ደቡብ አሜሪካ እንሂድ። ኢኳዶር የምትባል አገር አለች። በዚያች አገር፣ ቺምቦራሶ ከተባለው ትልቅ ተራራ ብዙም ሳይርቅ፣ ሳሊናስ የምትባል የገበሬዎች መንደር ትገኛለች። ከባሕር ወለል በላይ 3,550 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። የእኛዋ ደብረ ብርሃን ከፍታዋ 2,800 ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ብርዱን ገምቱት። የመንዝን የጓሳ ምድር የሚያውቅ ሰው የሳሊናስን አካባቢ በዓይነ ኅሊናው ማየት አያቅተውም። ጭጋግ፣ ውርጭ፣ በየቦታው የቆመ ሣር፣ ጥቁርና እንደ ሰፍነግ ውሃ የሚይዝ አፈር ነው።

ሳሊናስ ስሟን ያገኘችው ከጨው ነው። ሕዝቡ ከምንጭ የሚወጣውን ጨዋማ ውሃ እየቀቀለ ጨው ያወጣ ነበር። መሬቱና ጨው ማውጫው ግን በባለርስት እጅ ነበር። ኑሮው የድህነት ኑሮ ነበር።

በ1971 አንቶንዮ ፖሎ የሚባሉ ጣሊያናዊ ቄስ ወደ መንደሪቱ መጡ። በ1972 ገበሬዎቹ የቁጠባና የብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። በ1978 በስዊዘርላንድ ባለሙያዎች እርዳታ የአይብ መሥሪያ ከፈቱ። ወተቱ ከገበሬው ይሰበሰባል፤ አይቡ በማኅበሩ ስም ይሸጣል። ከዚያ በኋላ የሱፍ ክር መፍተሉ፣ ቸኮላት መሥራቱና ሌላውም ሥራ ተከተለ።

በዚያ አካባቢ ባለው ከፍተኛ ቦታ ላይ ፓይን ተተከለ። የተተከለው ለእንጨቱ ነው። ዛፉ ሲያድግ ግን ማንም ያልዘራው ነገር ከሥሩ ብቅ አለ። ያ ከዛፉ ጋር ባሕር የተሻገረው የቅቤ እንጉዳይ ነው። የአካባቢው ሰው ይህን እንጉዳይ ከአባቶቹ አልተማረውም፤ ምክንያቱም ከዚያ በፊት በዚያ ምድር አልነበረም። መማር ነበረበት። ምልክቱን ተማረ። ለጋውን ካረጀው መለየት ተማረ። አደራረቁንም ተማረ።

ሥራው እንዲህ ነው። ለቃሚዎቹ፣ በተለይም ሴቶች፣ ወደ ደኑ ገብተው ለጋውን መርጠው ይለቅማሉ። ያረጀው ቶሎ ስለሚተላ አይፈለግም። ቆሻሻው ይጸዳል። ከዚያ በስሱ ይከተፋል፤ ይደርቃል። እንጉዳይ ከ10 እጁ 9ኙ ያህል ውሃ ነው። ስለዚህ 10 ኪሎ እርጥብ እንጉዳይ ሲደርቅ የሚተርፈው 1 ኪሎ ያህል ነው። ግን ያ 1 ኪሎ በደረቅ ቦታ በደንብ ታሽጎ ከተቀመጠ ለወራት አይበላሽም። እርጥቡ ግን በአንድ ሁለት ቀን ይበሰብሳል። የደረቀው በከረጢት ታሽጎ በማኅበሩ የንግድ ምልክት፣ «ሳሊኔሪቶ» ተብሎ ይሸጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። አንዲት ሴት ብቻዋን አንድ ቅርጫት እርጥብ እንጉዳይ ለቅማ ገበያ ብትወጣ ምን ታገኛለች? ገዢ ካጣች ማታ ትደፋዋለች። ማድረቂያና ማሸጊያ ያለው፣ ገዢውን የሚያውቅ ማኅበር ሲኖር ግን ቅርጫቷ ዋጋ ያገኛል። ከደቡብ አሜሪካ አገሮች በቺሌም እንዲሁ የገጠር ቤተሰቦች ይህንኑ እንጉዳይ ከፓይን ደን ለቅመው ይሸጣሉ። ደርቆ ወይም በጨው ውሃ ተቀምጦ ወደ ውጭ አገር ይላካል።

የሚበላውና የሚገድለው

የቅቤ እንጉዳይ ይበላል ስንል ሥርዓት አለው። ጥሬውን አይበላም። ያ የሚያዝለገልገው ቆዳ መላጥ አለበት፤ ሳይላጥ የበላው ሆዱን ሊቆርጠውና ሊያስቀምጠው ይችላል። ከተላጠ በኋላ ተከትፎ በደንብ መብሰል አለበት። የደረቀውን ደግሞ ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፎ ነው ማብሰል። እንዲህም ተደርጎ የማይስማማቸው ሰዎች አሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚበላ ሰው ጥቂት ብቻ ቀምሶ ማየት አለበት።

አሁን ደግሞ ወደ ገዳዩ እንምጣ። ስሙ በእንግሊዝኛ «የሞት ቆብ» ማለት ነው። ቆቡ ወደ አረንጓዴና ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው፤ አንዳንዱም ይነጣል። ከቆቡ ሥር እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደረ ነጭ ስስ ነገር አለው። እግሩ ላይ ቀለበት አለው። ከእግሩ መጨረሻ፣ አፈር ውስጥ ተደብቆ፣ እንደ ከረጢት ያለ ነገር አለው። አንድ ራስ ብቻ ትልቅ ሰው ሊገድል ይችላል።

የሞት ቆብ ክፋቱ ቶሎ አለመታወቁ ነው። የበላው ሰው ከ6 እስከ 24 ሰዓት ድረስ ምንም ላይሰማው ይችላል። ከዚያ ያስመልሰዋል፤ ያስቀምጠዋል። ቀጥሎ የተሻለው ይመስላል። ቤተሰቡም «ተመስገን፣ ለቀቀው» ይላል። በዚያ ጊዜ ግን መርዙ ውስጥ ውስጡን ጉበቱን እያፈረሰ ነው።

ይህም እንጉዳይ እንደ ቅቤ እንጉዳይ ከዛፍ ሥር ጋር ተወዳጅቶ የሚኖር ነው። የትውልድ አገሩ አውሮፓ ሲሆን፣ ከሚተከሉ ዛፎች ሥር ጋር ወደ ደቡብ አፍሪካና ወደ አውስትራሊያ ተሻግሯል። በ2012 መባቻ በአውስትራሊያ ዋና ከተማ በካንቤራ የሞት ቆብ የበሉ 2 ሰዎች ሞተዋል። በምሥራቅ እስያ የሚበላ አንድ እንጉዳይ አለ፤ የሞት ቆብ ለጋ ሳለ እሱን ይመስላል። ያንን የሚያውቁ ሰዎች ሌላ አገር ሄደው ይህን ሲያዩ ይሳሳታሉ። እንግዲህ በአንድ አገር የተማርነው ዕውቀት በሌላ አገር ሳይጣራ አይሠራም ማለት ነው።

ስለ መርዝ የሚነገሩ ብዙ የተሳሳቱ አባባሎች አሉ። «ትል የበላው እንጉዳይ ሰውንም አይጎዳም» ይባላል። ሐሰት ነው። ትልና ቀንድ አውጣ በልተውት የማይሞቱበት እንጉዳይ ሰውን ይገድላል። «ከነጭ ሽንኩርት ጋር ሲቀቀል ሽንኩርቱ ካልጠቆረ መርዝ የለውም» ይባላል። ይህም ሐሰት ነው። «በደንብ ከተቀቀለ መርዙ ይጠፋል» ይባላል። የሞት ቆብ መርዝ በእሳት አይጠፋም። ቢያደርቁትም አይጠፋም። መርዙን የሚያሳውቅ አንድ ቀላል መፈተኛ የለም። ያለው መንገድ እያንዳንዱን እንጉዳይ በስሙና በምልክቱ ማወቅ ብቻ ነው።

ያላወቁትን እንጉዳይ የበላ ሰው ቢኖር ሕመሙን መጠበቅ አያስፈልግም። ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው። የተረፈውን እንጉዳይ ወይም ልጣጩን በወረቀት ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ ዓይነቱን ለማወቅ ይረዳዋል። የተሻለው ቢመስልም ከሐኪም ዘንድ አታስወጡት።

ዋጋውም ይቆጠር

እስካሁን የተናገርነውን የሰማ ሰው «እንግዲያው ተራራውን ሁሉ ፓይን እንትከልበት፤ ጣውላም እንጉዳይም እናገኛለን» ይል ይሆናል። እስቲ ቆም እንበል።

በኢኳዶር ተራሮች ላይ ያለውን ጥቁር አፈር አስታውሱ። ያ አፈር ውሃ ይይዛል። በክረምት የጠጣውን በበጋ ቀስ እያለ ለወንዙ ይለቃል። በቆላው ያለ ገበሬና በከተማ ያለ ሰው የሚጠጣው ከዚያ ነው። ፓይን ደግሞ ከሣሩ ይልቅ ብዙ ውሃ ይጠጣል። በ2007 የታተመ አንድ ጥናት በኢኳዶር ደጋ ሣሩ ባለበት ተፋሰስና ፓይን በተተከለበት ተፋሰስ የሚወርደውን ውሃ አነጻጸረ። ፓይን ከተተከለበት የሚወርደው ውሃ በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኘ።

አፈሩስ? በ2001 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የቅቤ እንጉዳይን ራሱን ተከታተለ። ያ አፈር የጠቆረው የበሰበሰ ሣርና ሥር ለብዙ ዘመን ተከማችቶበት ነው። እንጉዳዩ ከዛፉ ስኳር ይቀበላል ብለናል። ግን በዚያ ብቻ አልተወሰነም። ከዚያ የቆየ ክምችትም ይበላል። አጥኚዎቹ እንዳገኙት፣ ከ20 ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከአፈሩ ክምችት እስከ 30 በመቶ ሊጎድል ይችላል። በቅርጫት የሚለቀመው እንጉዳይ በከፊል የአፈሩ ጥሪት ነው ማለት ነው።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ስለ ባሕር ዛፍ ስንት ጊዜ ተከራክረናል? አጥሩንና ቤቱን፣ ማገዶውንም ሰጥቶናል። ከምንጭ አጠገብ ሲተከል ደግሞ ምንጩን አድርቆብናል ብለን አዝነናል። ሁለቱም እውነት ነው። ፓይንም እንዲሁ ነው። በተራቆተ መሬት ላይ ሲተከል ጥቅም አለው። ውሃ ከሚያመነጭ የጓሳ ምድር ወይም ከምንጭ ራስ ላይ ሲተከል ግን የሚወስደው ከሚሰጠው ሊበልጥ ይችላል። እንጉዳይ መሰብሰቡ የገቢ ምንጭ ሆኖ ሳለ ውሃው ቢደርቅ፣ ቆላ ያለው ጎረቤታችን ምን ይለናል?

እኛስ?

በአገራችንም የፓይን ደን አለ። ዝናብ ሲጥል ከሥሩ እንጉዳይ ብታዩ አትደነቁ፤ ምክንያቱን አሁን ታውቃላችሁ። ነገር ግን ከፓይን ሥር የወጣ ሁሉ የቅቤ እንጉዳይ ነው ማለት አይደለም። ከአገራችን ጥድና ዝግባ ሥር ደግሞ የቅቤ እንጉዳይ አይበቅልም። የጥድና የዝግባ ሥርም ከመሬት በታች ረዳት አለው። ግን የእነሱ ረዳት ሌላ ዓይነት ነው፤ ከመሬት በላይ ቆብ አያወጣም። ስለዚህ ከጥድ ሥር እንጉዳይ ያየ ሰው ይህን ንግግር አስታውሶ እንዳይቆርጠው እንለምናለን።

ይህን ወረቀት አንብባችሁ ብቻ ወደ ደን ገብታችሁ አትልቀሙ። ወረቀት መልኩን ይነግራል እንጂ እንጉዳዩን በእጅ አያሲዝም። በእጅ ይዞ፣ ገልብጦ፣ ቆርጦ፣ እያነጻጸረ የሚያሳይ ባለሙያ ያስፈልጋል። በአካባቢያችሁ የፓይን ደን ካለና እንጉዳዩን ለመጠቀም ካሰባችሁ፣ የደንና የግብርና ባለሙያ ጠይቁ። ዓይነቱ በባለሙያ ተመርምሮ ሳይታወቅ ማንም ወደ አፉ አያስገባ። ከታወቀም በኋላ ብቻችሁን አትሁኑ፤ ተማከሩ፤ በማኅበር ሥሩ። ችግኝ ስትተክሉም ከውጭ የመጣን አፈር እንዲሁ ከቦታ ቦታ አታዛውሩ። አፈር ጥሩውንም ክፉውንም ደብቆ ይሄዳል።

እንግዲህ ከዚህ ትንሽ እንጉዳይ የተማርነው ይህን ነው። ሳሊናሶች የተጠቀሙት እንጉዳዩ ስለ በቀለላቸው ብቻ አይደለም፤ ስለ ተማሩት ነው። ከመብላት በፊት ማወቅ ይቅደም። ከመትከል በፊትም ማወቅ ይቅደም።



ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የቅቤ እንጉዳይ አምስቱ ምልክቶች ምን ምን ናቸው?
2. የፓይን ዛፍና እንጉዳዩ እርስ በርሳቸው ምን ይለዋወጣሉ?
3. በፖርቶ ሪኮ የፓይን ችግኝ ይሞት የነበረው ለምንድነው?
4. ያልታወቀ እንጉዳይ የበላ ሰው የተሻለው ቢመስልም ከሐኪም መለየት የሌለበት ለምንድነው?
5. በቀበሌያችሁ ውስጥ ፓይን ወይም ባሕር ዛፍ ሊተከል የማይገባው ቦታ የትኛው ነው? ለምን?